ለሁለት አገር የተሰለፈው ሉዊስ ሞንቲ

የዓለም ዋንጫ የእግር ኳስ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ በፍጻሜው ጨዋታ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሰለፈም አይታጣም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ለአንዱ አገር፣ ሌላ ጊዜ ለሌላው አገር ሁኖ በሁለት የፍጻሜ ጨዋታ የገባ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አርጀንቲናዊው ሉዊስ ሞንቲ ነው። በ1930 ሞንቴቪዴዮ ላይ ለአርጀንቲና ተጫውቶ ተሸነፈ። በ1934 ሮማ ላይ ለኢጣልያ ተጫውቶ አሸነፈ። (ለብቻው ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የዚህ ሰው ታሪክ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከኳስ ወሬነት የሚያልፍበት ምክንያት አለው፤ እርሱን ግን በቦታው እንደርስበታለን።

ሉዊስ ፌሊፔ ሞንቲ በሜይ 15 ቀን 1901 በቦነስ አይረስ ከተማ ተወለደ። ስሙ እንደሚያስረዳው ዘሩ ከኢጣልያ ነው። በዚያ ዘመን በቦነስ አይረስ መንገድ ላይ የኢጣልያ ስም የሌለው ሰው መፈለግ ይቀል ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ከአውሮፓ በመርከብ የፈለሰው ሕዝብ ወደቡን ሞልቶት ነበርና። ሞንቲም በ1921 ሁራካን በተባለው ክለብ ተሰልፎ በዚያው ዓመት የሻምፒዮንነት ተካፋይ ሆነ። ቀጥሎ ወደ ቦካ ጁኒየርስ ተዛወረ፤ ነገር ግን አንድም ግጥሚያ ሳይጫወት ጥቂት ወራት ቆይቶ ወጣና ወደ ሳን ሎሬንሶ ሄደ። ከሳን ሎሬንሶም ጋራ በ1923፣ በ1924 እና በ1927 የአርጀንቲና ሻምፒዮን ሆነ።

የሚጫወትበት ቦታ ያን ጊዜ ሴንተር ሀፍ የሚባለው ነው። ዛሬ መሐል ሜዳና ተከላካይ ብለን ለሁለት ሰው የምናካፍለውን ሥራ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ይሠራው ነበር። የተቃራኒውን መሐል አጥቂ መያዝ የእርሱ ፋንታ ነው፤ ኳሷን ነጥቆ ወደ ክንፍ ተጫዋቾች መላክም የእርሱ ፋንታ ነው። ሞንቲ በሜዳው ስፋት ሁሉ ስለሚደርስ የአገሩ ሰዎች እጥፍ ስፋት ማለት የሆነ ቅጽል ስም አወጡለት። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ብርቱ፣ ሩቅ መትቶ የማይስት ነበረ። አንድ ነገር ግን ሳይሸሸግ መነገር አለበት፤ ጨዋታው ጨካኝ ነበረ። ኳሷን ሊያገኝ ሲሄድ ኳሷን ካጣ ሰውየውን አያጣም። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንደ ጀግንነት ሲያወሩት ይታያል፤ እኔ ግን በእግሩ የተጎዱትን ሰዎች ሳስብ እንዲያ ለማለት ያዳግተኛል።

በ1928 አርጀንቲና ለኦሊምፒክ ጨዋታ ወደ አምስተርዳም ስትሄድ ሞንቲ ከቡድኑ ጋራ ነበረ። ለፍጻሜው የደረሱት ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ፣ ናቸው። የመጀመሪያው ግጥሚያ አንድ ለአንድ አለቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ጨዋታው ሲደገም ሞንቲ አንድ ግብ አገባ፤ ይሁን እንጂ ኡራጓይ ሁለት ለአንድ አሸነፈች። በዚሁ ውድድር የታየው የአርጀንቲና ግራ ክንፍ ራይሙንዶ ኦርሲ ወዲያው ቶሪኖ በሚገኘው የጁቬንቱስ ክለብ ተጠራ። ሞንቲ ግን ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በጁላይ 1930 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ተደረገ። አርጀንቲና ከፈረንሳይ ጋራ ባደረገችው የመጀመሪያ ግጥሚያ ጨዋታው ያለ ግብ ቆይቶ በ81ኛው ደቂቃ ሞንቲ በቅጣት ምት አገባና አንድ ለባዶ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። አንድ ፈረንሳዊ ኳሷን ይዞ ወደ ግብ ሲገሰግስ ብራዚላዊው ዳኛ ሰዓቱ ሳይሞላ፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀር፣ የፍጻሜውን ፊሽካ ነፋ። ጫጫታ ሆነ፤ ዳኛውም ስሕተቱን አምኖ ተጫዋቾቹን መልሶ አስገባ። ተመልካቹ ሕዝብ ኡራጓያዊ ስለ ነበረ ጥላቻው ሁሉ በአርጀንቲና፣ ይልቁንም በሞንቲ ላይ ሆነ። ከቺሊ ጋራ በተደረገው ግጥሚያም ሞንቲ ከአንድ የቺሊ ተጫዋች ጋራ ተጋጭቶ ሁለቱ ቡድን በቡጢ ተያያዘ፤ ፖሊስ ገብቶ አላቀቃቸው። አርጀንቲና ሦስት ለአንድ አሸነፈች። ለፍጻሜ ለማለፍ ከአሜሪካ ጋራ በተደረገውም ግጥሚያ የመጀመሪያውን ግብ ያገባ ሞንቲ ነው፤ ስድስት ለአንድ ሆነ።

የፍጻሜው ቀን ጁላይ 30 ነበረ። ሁለቱ አገሮች በየትኛው ኳስ እንጫወት በሚለው እንኳ መስማማት አልቻሉምና የመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ፣ ሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ እንዲሆን ተወሰነ። ለእረፍት ሲወጡ አርጀንቲና ሁለት ለአንድ ትመራ ነበር። ከእረፍት ተመልሰው የገቡት ተጫዋቾች ግን ሌሎች ሰዎች መሰሉ፤ ኡራጓይ ሦስት ግብ ጨምራ አራት ለሁለት አሸነፈች።

ሞንቲ ያን ቀን እንደ ልማዱ አልነበረም። ተቃራኒው ሲወድቅ ያነሣ ነበር፤ እግር ለእግር መጋጠም ተወ። በኋላ ዘመን እርሱ ራሱ እንደ ተረከው ከሆነ ቢያሸንፍ እንደሚገደል ተዝቶበት ነበር። የአገሩ ሕዝብ ግን ስለ ዛቻው አላሰበም። ከወንዝ ማዶ ላለ ጎረቤት መሸነፍ ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ጥፋተኛ ይፈለግ ጀመር፤ ጥፋተኛውም ትናንት ጭካኔው ይመሰገን የነበረው ሴንተር ሀፍ ሆነ። ጨካኝ የተባለው ሰው ፈሪ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ጁቬንቱስ ጠራው። ሞንቲ በ1931 ወደ ቶሪኖ ሲደርስ 30 ዓመት ሞልቶታል፤ ሰውነቱም ወፍሮ ነበር። ኢጣልያኖቹ ሲያዩት ገንዘባቸውን ለከንቱ ያወጡ ሳይመስላቸው አልቀረም። እርሱ ግን አንድ ወር ያህል ለብቻው ሲሮጥና ሰውነቱን ሲያስጨንቅ ከርሞ ወደ ሜዳ ገባ። ከዚያም ወዲያ ጁቬንቱስ ከ1932 እስከ 1935 አራት ዓመት በተከታታይ የኢጣልያ ሻምፒዮን ሆነ፤ በአራቱም ዓመት የመሐሉ ምሰሶ ሞንቲ ነበረ። በዚያ ክለብ በሻምፒዮና 225 ግጥሚያ ተጫውቶ 19 ግብ አግብቷል። በአርጀንቲና ኳስ በይፋ የደመወዝ ሥራ የሆነው በዚያው በ1931 ነው። ስለዚህ ሞንቲ የእግር ኳስ ሠራተኛ ተብሎ በግልጽ የኖረው በባዕድ አገር ነው ማለት ይቻላል።

ባዕድ አገር ስንል ግን የኢጣልያ መንግሥት ነገሩን እንዲህ አልቆጠረውም። የሙሶሊኒ መንግሥት አባቱ ወይም አያቱ ኢጣልያዊ የሆነውን ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ ኢጣልያዊ ነው ብሎ ይቀበል ነበር። በዚህ መንገድ አሠልጣኙ ቪቶሪዮ ፖዞ ሞንቲን፣ ኦርሲን፣ ኤንሪኮ ጓይታንና አቲሊዮ ዴማሪያን በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ አገባ። ነገሩ ስጦታ ይመስላል። ዜግነቱ ግን ዕዳም ነበረው፤ ዕዳውም ወታደርነት ነው። ዛሬ በዓለም ዋንጫ ለአንድ አገር የተሰለፈ ሰው ዞሮ ለሌላ አገር መሰለፍ አይፈቀድለትም፤ ያን ጊዜ ግን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። አርጀንቲና የደረሰባትን ስለ ተረዳች በ1934 ወደ ኢጣልያ ስትሄድ ደኅና ተጫዋቾቿ እንዳይወሰዱባት ፈርታ አማተሮችን ላከች፤ እነርሱም በመጀመሪያው ግጥሚያ በስዊድን ሦስት ለሁለት ተሸንፈው ተመለሱ።

ኢጣልያ በመጀመሪያው ግጥሚያ አሜሪካን ሰባት ለአንድ አሸነፈች። ቀጥሎ ከእስፓኝ ጋራ አንድ ለአንድ ወጥታ በማግስቱ በተደገመው ጨዋታ አንድ ለባዶ አለፈች። ከባዱ ቀን ጁን 3 ነው። ሚላኖ ላይ የገጠመቻት አውስትሪያ በዚያ ዘመን በጨዋታ ጥበብ በአውሮፓ የምትደነቅ አገር ነበረች፤ የቡድኑም ዓይን ማትያስ ሲንደላር የተባለው መሐል አጥቂ ነው። ሲንደላር ከቅጥነቱ የተነሣ የወረቀት ሰው ይሉት ነበር። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆነ። በጭቃ ላይ ወረቀትና ግንድ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምተዋል። ሞንቲ ሲንደላርን እንደ ጥላው ተከትሎ አላላውስ አለው፤ ጓይታ ባገባት አንዲት ግብ ኢጣልያ ለፍጻሜ አለፈች። ግብ ያገባውም አርጀንቲናዊ፣ ግብ የከለከለውም አርጀንቲናዊ ነበረ።

ጁን 10 ቀን 1934 በሮማ፣ የፋሺስት ፓርቲ ስታዲዮም በሚባለው ሜዳ፣ ሙሶሊኒ ተቀምጦ እያየ፣ ኢጣልያና ቼኮስሎቫኪያ ለዋንጫው ገጠሙ። ቼኮቹ ቀድመው አገቡ። ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኦርሲ አንድ ለአንድ አደረገ፤ በተጨመረውም ሰዓት ስኪያቪዮ ሁለተኛውን አገባ። ሞንቲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ደስታው ምን ዓይነት ደስታ እንደ ነበረ ግን እርሱ ያውቃል። በስተርጅናው እንደ ተናገረው ሞንቴቪዴዮ ላይ የተፈራው ሞት ቢያሸንፍ የሚመጣ ነበር፤ ሮማ ላይ የተፈራው ግን ቢሸነፍ የሚመጣ ነው። ከዚህ ንግግር ውስጥ የሽማግሌ ማጣፈጫ ይኖርበት ይሆናል። ሆኖም በሁለቱም ከተማ የነበረው ጩኸትና ቁጣ የታወቀ ስለሆነ ሰውየውን ውሸታም ለማለት አልደፍርም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን፣ ኢጣልያ በለንደን በሃይበሪ ሜዳ ከእንግሊዝ ጋራ ተጋጠመች። እንግሊዞች በዓለም ዋንጫው አልተካፈሉም ነበርና ይህን ግጥሚያ እንደ እውነተኛ ፍጻሜ የቆጠረው ሰው ብዙ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሞንቲ ከእንግሊዙ መሐል አጥቂ ከቴድ ድሬክ ጋራ ተጋጭቶ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ጥቂት ሊያነክስ ሞከረ፤ አልሆነም፤ ወጣ። በዚያ ዘመን ተቀያሪ ማስገባት ስለማይፈቀድ ኢጣልያ ቀሪውን ጨዋታ በዐሥር ሰው ተጫወተች። እንግሊዝ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አገባች፤ ከእረፍት በኋላ ሜአሳ ሁለት መለሰ፤ በሦስት ለሁለት አለቀ። ጨዋታው ጠብ ስለ ነበረበት የሃይበሪ ጦርነት ተብሎ ቀረ። ሰው ሲሰብር የኖረው ሞንቲ በሰው ተሰበረ፤ አንዳንዱ ተመልካች ይህን አይቶ ሳይፈርድ አልቀረም።

የሃይበሪ ጦርነት የጋዜጣ ቀልድ ነው። ከዚያ ከ21 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን፣ በወልወል የተተኮሰው ግን ቀልድ አልነበረም። ከላይ በቦታው እንደርስበታለን ያልነው ይኸው ነው። ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ዋንጫውን ባየ በዐሥራ ስድስተኛው ወር፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ሠራዊቱ መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ጓይታ የወታደርነት ዕዳው ደረሰበት። ይህ በሚላኖ ጭቃ ላይ ለኢጣልያ ያገባው ሰው ያን ጊዜ የሮማ ክለብ አጥቂ ሲሆን ባለፈው የጨዋታ ዓመት 28 ግብ አግብቶ የኢጣልያ ሻምፒዮና ቀዳሚ ግብ አግቢ ሁኖ ነበር። ሆኖም ወደ ኢትዮጵያ ጦርነት እንዳይላክ ፈርቶ ስኮፔሊና ስታኛሮ ከተባሉት ሁለት አርጀንቲናውያን ጓደኞቹ ጋራ ድንበር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ አገር አመለጠ፤ ከዚያም ወደ አርጀንቲና ገባ። የኢጣልያ ጋዜጦች ትናንት ልጃችን ያሉትን ከዳተኛ አሉት። ጓይታ የሸሸው ለኛ አዝኖ ነው ብዬ አላታልልም፤ ለራሱ ነፍስ ፈርቶ ነው። ቢሆንም ለአንድ ማልያ ሲል የሰውን አገር ለመውጋት አለመሄዱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሞንቲ አልሸሸም። ዕድሜው 34 ስለ ነበረ እንደ ወጣቶቹ አልተፈለገ ይሆናል። ቶሪኖ ተቀምጦ ኳሱን ቀጠለ። ለኢጣልያ ብሔራዊ ቡድን እስከ 1936 ድረስ በጠቅላላው 18 ጊዜ ተሰለፈ፤ ለአርጀንቲና ደግሞ 16 ጊዜ ተሰልፎ ነበር። ከጁቬንቱስ ጋራ በ1938 የኢጣልያን ዋንጫ ወስዶ በ1939 መጫወት ተወ። በጦርነቱ ዘመን በ1942 ያንኑ ክለብ አሠለጠነ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ በ1947 የጀመረበትን ክለብ ሁራካንን በአሠልጣኝነት ያዘ።

የሸሸው ጓይታ በ1959 በአርጀንቲና ሞተ። ሞንቲ ከእርሱ በኋላ 24 ዓመት ኖረ። ያን የሁለት ከተማ ፍርሃቱን ለጠያቂ ሁሉ እየተረከ በቦነስ አይረስ አውራጃ በኤስኮባር ተቀመጠ፤ እዚያውም በሴፕቴምበር 9 ቀን 1983 በ82 ዓመቱ ዐረፈ።