ከሁለት አንዱን እየሳተ ብዙዎችን ያዳነው ምርመራ፦ የዶክተር ፓፓኒኮላው ሕይወት

ፓፕ ስሚር ሲባል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የማህፀን በር ካንሰርን፣ ገና ካንሰር ሳይሆን ለመያዝ የሚደረግ ምርመራ ነው። ፓፕ የሚለው ግን የሕክምና ቃል አይደለም። የሰው ስም ነው፣ ያውም ረጅም ስም ተቆርጦ። ሙሉ ስሙ ጊዮርጊዮስ ፓፓኒኮላው ይባላል።

ዛሬ ስለዚህ ሰው እናወራለን። ስለሱ ስናወራ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አብሮ ይመጣል። ምርመራው አንድ ጊዜ ብቻ ከተሠራ ከሁለት ታማሚ አንዷን ሊስት ይችላል። እንዲህም ሆኖ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሴቶችን ካተረፉ ምርመራዎች አንዱ ነው። እንዴት? እንደርስበታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፓፓኒኮላው በ1883 ኪሚ በምትባል የግሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸውም የሳቸውን መንገድ እንዲከተል ፈለጉ። እሺ ብሎ በ1904 አቴንስ በሕክምና ተመረቀ፤ ልቡ ግን ምርምር ላይ ነበር። ጀርመን ሄዶ በ1910 ሙኒክ ላይ ዶክትሬቱን ያዘ። በዚያው ዓመት አንድሮማሂ የምትባል ልጅ አገባ፤ በኋላ ሜሪ ተብላ የታወቀችው ናት። ስሟን ያዙልን፣ ያለሷ ይሄ ታሪክ የለም።

በ1913 ባልና ሚስቱ ኒውዮርክ ወረዱ። ሕክምና የተማረው፣ ዶክትሬት ያለው ሰው ምንጣፍ ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ፤ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው ይባላል። ምግብ ቤት ቫዮሊን ተጫወተ፣ የግሪክኛ ጋዜጣ ቤት ውስጥም ሠራ። ሜሪ በአንድ ትልቅ መደብር ልብስ ላይ ቁልፍ ትሰፋ ነበር። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ለዚህ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ብዙም ሳይቆይ ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ገባ። ሜሪም እዚያው ላብራቶሪ ረዳቱ ሆነች። ምርምሩ በጊኒ ፒግ ላይ ነበር። እንስሳዋ እንቁላል የምታፈራበትን ጊዜ ለማወቅ ደግሞ መግደልና ከፍቶ ማየት ግድ ይል ነበር። እሱ ሌላ መላ ዘየደ። የሰው አፍንጫ የሚታይበትን ትንሽ መሣሪያ ተጠቅሞ ከእንስሳዋ ብልት ፈሳሽ እየወሰደ በማይክሮስኮፕ ያይ ጀመር። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሴሎች ከቀን ቀን መልካቸው ይቀያየራል። ሳይገድል ማወቅ ቻለ፤ ውጤቱም በ1917 ታተመ።

በሰው ላይስ? መልሱ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሜሪ ለዓመታት ከራሷ ናሙና ሰጠችው። ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የታመመውን ሴል መለየት የሚችለው ጤነኛውን በየመልኩ የሚያውቅ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን የሠለጠነው በሜሪ ናሙና ነው።

ቀጥሎ በሆስፒታል ያሉ ሴቶችን ናሙና ማየት ጀመረ። ከነሱ መሃል ካንሰር ያለባት ነበረች፤ ሴሎቿ ስላይዱ ላይ ፍጥጥ ብለው ታዩት። በ1928 ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በተደረገ ጉባኤ ላይ ግኝቱን አቀረበ። የሰማው የለም ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፦ የማህፀን በር በዓይን ይታያል፣ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ መመርመር ይቻላል፤ ታዲያ ፈሳሽ ውስጥ ሴል መፈለግ ምን ያደርጋል? እነሱ ያሰቡት ሕመም ስለተሰማቸው ሴቶች ነበር። ምንም ስላልተሰማቸው ሴቶች ያሰበ አልነበረም።

እዚህ ጋ ፍትሐዊ እንሁን። ሩማኒያዊው ሐኪም ኦሬል ባቤሽ ተመሳሳይ ሐሳብ ቡካሬስት ላይ በ1927 አቅርቦ በ1928 አሳትሟል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አልሞተም። እኛ የምንለው፣ ነገሩን ሺዎች ጋ እስኪደርስ የገፋው ፓፓኒኮላው ነው።

የገፋውም ወዲያው አይደለም። ከ1928 በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። በ1939 ሄርበርት ትራውት ከሚባል የማህፀን ሐኪም ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ሆስፒታል በሚመጡ ሴቶች ላይ ምርመራውን እንደ አዲስ ጀመረ። በ1941 ጽሑፋቸው፣ በ1943 መጽሐፋቸው ወጣ። በዚህ ጊዜ ዓለም ሰማ።

ፓፓኒኮላው ውጤቱን በአምስት ደረጃ ከፈለው። አንደኛው ጤናማ፣ አምስተኛው የለየለት ካንሰር፤ መሃል ላይ ያለው ደግሞ ያጠራጥራል። ጣጣው ያለው መሃሉ ላይ ነው። ያጠራጠረውን ሁሉ ታሟል ካልክ ጤነኛዋን ታስደነግጣለህ፣ ያለ ምክንያት ለተጨማሪ ምርመራ ትልካለህ። ያጠራጠረውን ሁሉ ደህና ነው ካልክ ደግሞ የታመመችዋን ወደ ቤቷ ትሸኛለህ። ስለዚህ የማንኛውም ምርመራ ትክክለኛነት በአንድ ቁጥር አይነገርም። ሁለት ጥያቄ አለው፦ በሽታው ካለባቸው ስንቱን ይይዛል? ከሌለባቸው ስንቱን ነፃ ይላል? የመጀመሪያው ሴንሲቲቪቲ፣ ሁለተኛው ስፔሲፊሲቲ ይባላል።

የመጀመሪያውን መለካት ከባድ ነው። ነፃ ነሽ የተባለች ሴት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ መሳሳቱን ማን ያጣራል? ካናዳ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2007 የታተመ ጥናት ይህን ሞክሯል። ነፃ ከተባሉትም መሃል በዕጣ መርጦ በደንብ አስመረመረ። ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ከባድ የሴል ለውጥ ካለባቸው ሴቶች ፓፕ ስሚር የያዘው 55 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከሌለባቸው ደግሞ 97 በመቶ ያህሉን በትክክል ነፃ ብሏል።

እስቲ በምናብ 1,000 ሴቶች እንውሰድ፤ ለውጡ ያለባቸው 10 ይሁኑ። ምርመራው 5 ወይም 6 ይይዛል። ከ990 ጤነኞች ደግሞ 30 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ፖዘቲቭ ከተባሉት መሃል እውነት ያለባቸው ከስድስት አንድ ገደማ ናቸው ማለት ነው። ፖዘቲቭ የተባለች ልጅ ካንሰር ያዘኝ ብላ ስታለቅስ ብታዩ ይሄን ንገሯት፦ ውጤቱ በደንብ እንይሽ ማለት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ታዲያ ግማሹን የሚስት ምርመራ እንዴት አዳነ? ይህ ካንሰር ቀርፋፋ ነው። ከመጀመሪያው የሴል ለውጥ እስከ ካንሰር ብዙ ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለውጡ ካለባቸው 100 ሴቶች አንደኛው ምርመራ 45 ቢስት፣ ሁለተኛው ሲደገም የሚያመልጡት 20፣ ሦስተኛው ላይ 9 ብቻ ይሆናሉ። ይሄ ስህተቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው፤ በተግባር እንዲህ አያምርም፣ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ምርመራው በየጊዜው በሚደጋገምባቸው አገሮች በሽታውም ሞቱም በጣም ቀንሷል። አንዴ ተመርምራ ነፃ ተብላ ለሃያ ዓመት የጠፋች ሴት ግን የፓፓኒኮላውን ሥራ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘችው።

እሱ ይህን ሁሉ ቁጥር አላየም። በ1961 የካንሰር ምርምር ተቋም ሊመራ ወደ ማያሚ ሄደ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ በየካቲት 1962 በልብ ሕመም አረፈ። ኖቤል አላገኘም። ግሪክ ግን በኋላ የ10,000 ድራክማ ኖቷ ላይ መልኩን አትማለች። ሜሪ ከሱ በኋላ 20 ዓመት ኖረች።

ፓፕ ስሚር ላብራቶሪና ስላይድ አንባቢ ባለሙያ ይፈልጋል። እኛ አገር ያ እንደልብ ስለማይገኝ በጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራው የማህፀን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው፤ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች። አሁን ደግሞ በሽታውን የሚያመጣውን ኤችፒቪ ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ እየመጣ ነው። በዚያው የካናዳ ጥናት ከባድ ለውጥ ካለባቸው 95 በመቶ ያህሉን ይዟል፤ ጤነኛን በስህተት ማስደንገጡ ግን ከፓፕ ትንሽ ይበልጣል። የኤችፒቪ ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መሰጠት የጀመረው በታኅሣሥ 2018 ነው። ያኔ የተከተቡት ልጆች ዛሬ ስልክ ይዘው ይሄን ገጽ የሚያነቡ ወጣቶች ናቸው፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት ስለማይሸፍን ዕድሜያቸው ሲደርስ ምርመራው ለነሱም አይቀርም።