ራይፋይዘን፦ ገጠር የቀሩት አስተዳዳሪ

ሰው ተመድቦ ገጠር ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ የሚያቆየው ግን ምደባው አይደለም። በ1818 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር ሐም በተባለች መንደር የተወለዱት ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ሐሳባቸው ወታደርነት ነበር። በ17 ዓመታቸው መድፈኛ ጦር ቢገቡም በ1843 የዓይን ሕመም ከሠራዊቱ አስወጣቸው። በ1845 ቫየርቡሽ በተባለ ስፍራ የድሃ መንደሮች አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ።

ብዙም ሳይቆዩ የ1846/47ቱ ረሃብ ደረሰ። መንግሥት ዱቄት ላከ፤ ትእዛዙ ግን በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይሰጥ የሚል ነበር። በዚያ ክረምት ገንዘብ የነበረው ማን ነው? ራይፋይዘን ትእዛዙን ወደ ጎን ትተው ለድሆች በዱቤ አደሉ። ባለጸጎችን አስተባብረው የጋራ ዳቦ ቤት አሠሩ፤ ዳቦውም በግማሽ ዋጋ ገደማ ተሸጠ። ለአንድ ተሿሚ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ረሃቡ ቢያልፍም ገበሬውን ከመሬቱ የሚነቅለው አራጣ አላለፈም። በዚያ ዘመን ብዙ ጀርመናዊ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። ነጋዴው ላም በዱቤ ይሰጣል፤ ወለዱ ሲቆለል ላሚቱን ከነጥጃዋ ይወስዳል፤ ቀጥሎ መሬቱ ይሸጣል። ወደ ፍላመርስፌልድ የተዛወሩት ራይፋይዘን በ1849 ከ60 ያህል ባለጸጎች ጋር ማኅበር አቋቁመው፣ ለድሃው ገበሬ ከብት እየተገዛ እንዲሰጠውና ዕዳውን በአምስት ዓመት እንዲከፍል አደረጉ። ምርት ወደ ራይን ወንዝ የሚወርድበትን መንገድም አሠሩ።

ይሁንና የባለጸጎቹ በጎ ፈቃድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ስለዚህ በ1864 በሄዴስዶርፍ ተበዳሪው ራሱ አባል የሆነበትን የብድር ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ የአንድ አካባቢ ሰዎች ስለሆኑ ማን ሠራተኛ፣ ማን ዋልጌ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዱ ለሌላው በሙሉ ንብረቱ ዋስ ነው። አመራሩ ደመወዝ አይበላም። ትርፉ ለማይከፋፈል መጠባበቂያ ይውላል፤ ይህን የትርፍ ክፍፍል ቀን ለሚቸኩሉ አባሎቻችን ብንነግር አይከፋም።

የራሳቸው ኑሮ ግን አልደላቸውም። በ1863 ባለቤታቸው ሞቱ፤ በ1865 በሕመም ከሥራ ተሰናበቱ። ጡረታው ስላልበቃ ሲጋራ፣ ኋላም ወይን ጠጅ ነገዱ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ልጃቸው አማልየ ታነብላቸውና ትጽፍላቸው ነበር። ማርች 11 ቀን 1888 እዚያው ሄዴስዶርፍ ሲሞቱ፣ በእሳቸው አሠራር የተቋቋሙት ማኅበራት በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር።