ጆን ቡንያን በወኅኒ ቤት

ስለ ሃይማኖታቸው መከራ የተቀበሉ ክርስቲያኖች ሲነሡ፥ ብዙዎቻችን የምናስበው ለአንበሳ የተጣሉትን ወይም በእሳት የተቃጠሉትን የጥንት ሰማዕታት ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ሞት ሳይሆን፥ ለብዙ ዓመታት በየማለዳው በሚመለስ ፈተና እምነታቸው የተመረመረ ሰዎችም አሉ። ከእነዚህም አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ነው።

ቡንያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ ኤልስቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የተበሳ ድስትና መጥበሻ እየጠገነ የሚኖር ድኻ ሠራተኛ ነበረ። ልጁም ማንበብና መጻፍ ከተማረ በኋላ የአባቱን ሙያ ያዘ። በ16 ዓመቱ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በፓርላማው ወገን ወታደር ሆነ። ከዚያም ተመልሶ እንደ እርሱ ድኻ የሆነች ልጅ አገባ። ሙሽራዪቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሀብት ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት ነበረ።

በወጣትነቱ ተሳዳቢና ጨዋታ ወዳድ እንደ ነበረ ራሱ ጽፎአል። አንድ ቀን ለሥራው በቤድፎርድ ሲዘዋወር፥ ጥቂት ድኾች ሴቶች ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ እግዚአብሔር ጸጋ ሲጫወቱ ሰማ። የንግግራቸው ደስታ ልቡን ነካው። ከብዙ የኅሊና ጭንቀት በኋላ የእነርሱ ማኅበር አባል ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም መስበክ ጀመረ። ያ ድስት ጠጋኝ ሲናገር ለመስማት ከየመንደሩ ብዙ ሕዝብ ይመጣ ነበር።

በ1660 ዓ.ም. ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ፥ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ተሰብስቦ ማምለክን የሚከለክለው የቀድሞው ሕግ እንደ ገና ተነሣ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቡንያን በአንዲት መንደር በገበሬ ቤት ሊሰብክ ሲሄድ፥ ሊያዝ እንደ ታዘዘ ተነገረው። ባለቤቱም ጉባኤው እንዲበተን መከረው። ቡንያን ወደ ሜዳው ወጥቶ ብቻውን እየተመላለሰ አሰበ። ሌሎችን ሲያጽናና የኖረው እርሱ ቢሸሽ፥ በእምነት ገና ሕፃናት የሆኑት ምን ይላሉ? ተመልሶ ጸሎቱን ጀመረ፤ ወዲያውም ተያዘ።

ከሁለት ወር በኋላ የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላም መስበኩን እተዋለሁ ባይል ከአገር እንደሚባረር፥ ያለ ፈቃድ ቢመለስ ደግሞ እንደሚሰቀል ተነገረው። እርሱ ግን እሺ አላለም፤ ስለዚህ ሦስቱ ወር 12 ዓመት ሆነ።

እንግዲህ የዚህ ሰው መከራ ከሌሎች እስረኞች የሚለየው በዚህ ነው። በሩን የቆለፉት ሌሎች ሲሆኑ፥ የሚከፍተው ቃል ግን በእርሱ አፍ ውስጥ ነበረ። ከእንግዲህ አልሰብክም ቢል፥ በማናቸውም ቀን ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። በቤቱም የሚጠብቁት ነበሩ። የፊተኛይቱ ሚስቱ ሞታ ስለ ነበረ፥ አራት ልጆቿን የምታሳድገው ኤልሳቤጥ የምትባል ሁለተኛ ሚስቱ ነበረች። እርሷም ነፍሰ ጡር ነበረችና ባሏ ሲያዝ ከድንጋጤ የተነሣ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኑም ሞተ። ከልጆቹም የበኵሯ ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች። ይህች ልጅ ልብስ ሳይኖራት ስትበርዳት፥ ስትራብና ስትለምን በሐሳቡ እያየ ከሁሉ ይልቅ ስለ እርሷ ያለቅስ ነበር።

ቡንያን ፍርሃት የሌለበት ሰው አልነበረም። በመሰቀያው መሰላል ላይ ፊቱ ገርጥቶ ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥ፥ በእግዚአብሔር ስም ላይ ነቀፋ እንዳያመጣ ይሰጋ ነበር። ልጆቹንም የተወው ንቆአቸው ሳይሆን፥ ከእርሱ ይልቅ የሚጠብቃቸው አምላክ አለ ብሎ ነው። እጁም ሥራ አልፈታም፤ ቤተ ሰቡን ለመርዳት ጫፉ በብረት የተያዘ ማሰሪያ ክር እየሠራ ይሸጥ ነበር።

ኤልሳቤጥም በእምነትዋ ከእርሱ አላነሰችም። በ1661 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ዳኞች ወደ ቤድፎርድ ሲመጡ፥ መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ገብታ ስለ ባሏ ጮኸች። ማቲው ሄል የተባለው ዳኛ አዘነላት፤ ሌላው ግን ተቆጣት። ባልሽ መስበኩን ይተዋል ወይ ተብላ ስትጠየቅ፥ መናገር እስከ ቻለ ድረስ እንደማይተው ገልጣ መለሰች። ባሏን ለማስፈታት ብላ አልዋሸችም፤ እያለቀሰችም ወጣች።

በወኅኒ ቤት የቡንያን ባልንጀሮች መጽሐፍ ቅዱስና ፎክስ የጻፈው የሰማዕታት ታሪክ ነበሩ። የራሱን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1666 ዓ.ም. ያሳተመው በዚያው ሳለ ነው። በ1672 ዓ.ም. ንጉሡ ቅጣቱን ስላነሣ ተፈታ፤ የቤድፎርድ ማኅበርም እረኛ አደረገው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ለጥቂት ወራት ታሰረ። በ1678 ዓ.ም. ስለ አንድ መንገደኛ ጉዞ የሚተርከው ታላቁ መጽሐፉ ወጣ። በመጽሐፉ ክርስቲያን የተባለው ሰው ሸክሙን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይሄዳል። መጽሐፉ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተተረጐመ ሲሆን፥ ከእነዚህም አንዱ የእኛው አማርኛ ነው።

የቡንያንም ፍጻሜ እንደ ሕይወቱ ነበረ። በ1688 ዓ.ም. የተጣሉ አባትና ልጅ አስታርቆ ወደ ሎንዶን ሲመለስ፥ በፈረስ ላይ ሳለ ብርቱ ዝናብ መታው። በትኩሳት ታሞ በነሐሴ 31 ቀን ሞተ፤ ባንሂል ፊልድስ በሚባለው መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ያሳደዱትም ክርስቲያኖች ነን የሚሉ ሰዎች እንደ ነበሩ አንርሳ። እርሱ ግን ባሳደዱት ላይ ሰይፍ አላነሣም፤ ያመነበትን አልተወም፥ ቅጣቱንም በትዕግሥት ተቀበለ። እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበት ተማሪዎች ምናልባት ወኅኒ ቤት አንገባ ይሆናል። ነገር ግን ኑሮን የሚያቀልል አንዲት ትንሽ የሐሰት ቃል እንድንናገር የምንጠየቅበት ቀን ለእያንዳንዳችን ይመጣል። በዚያን ቀን በቤድፎርድ ወኅኒ ተቀምጦ ዓይነ ስውር ልጁን እያሰበ ማሰሪያ ክር የሚሠራውን ያን ሰው እናስታውስ።