ዳግማዊ ምኒልክ በክፉው ቀን

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ሳይቆይ ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከገብስ ወደ ማሽላና ወደ ማሾ አገር ይሻገራል። ይህ የይፋት ቆላ ነው። በደቡብ በኩል፣ ከአንኮበር ሥር ያለው የዚሁ ቆላ ክፍል በቀድሞው ዘመን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚመጣው የሲራራ ንግድ በር ነበር። ፋሬ ላይ ቀረጥ ይከፈላል፤ በአልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር ይወጣል። የሸዋ ነገሥታት ኃይል የቆመው በሁለት ነገር፣ ይኸውም በደጋው እርሻና በይፋት በር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በልጅነት የተነጠቁትና በኋላም መልሰው ያገኙት ይህንኑ አገር ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸውም ንጉሥ ኃይለ መለኮት ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወጉ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ማዕርግ ሰጡት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ይሁን እንጂ ግዞት ግዞት ነው። ወጣቱ በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ገደማ የአንድ ታላቅ ንጉሥ ራእይ ምን ያህል እንደሚያስነሣ፣ ቁጣውም ምን ያህል እንደሚያፈርስ በቅርብ ለማየት ቻለ።

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጡ። የተቀበሏቸውና ወደ ሸዋ ያሳለፏቸው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። በዚህም የተነሣ ቴዎድሮስ በመያዣነት የያዙትን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። የሃያ ዓመቱ ምኒልክ ወደ አባታቸው ዙፋን የተመለሱት የሌላ እናት ልጅ በከፈለው ዋጋ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በ1870 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ሲጠሩ ኖረዋል፤ አፄ ዮሐንስ ግን ከእርሳቸው በበለጠ ጦር ሸዋ ገቡ። ምኒልክ መዋጋት ይችሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያልቀው የሁለቱም ወገን ገበሬ ነው። ስለዚህ እንደ ዘመኑ ልማድ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ቀርበው ገበሩ። ዮሐንስም የንጉሥነት ዘውድ ደፉላቸው፤ ስምምነቱም የልቼ ስምምነት ተባለ። የዚያን ቀን ውርደት የመሰለው ነገር አገሩንና ሠራዊቱን ከጥፋት አትርፏል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚያቆመው ኃይል አልነበረም። የኢትዮጵያ እርሻ በበሬ ጉልበት የሚሠራ በመሆኑ በሬው ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈታ፤ መሬቱ ጦም አደረ። ድርቅ፣ አንበጣና ወረርሽኝ ተጨመሩበት። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲደፉ የተረከቡት የተራበ ሕዝብ ነበር።

ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ሕዝቡ ያጣውን የበሬ ሥጋ አልበላም አሉ። ከዚህም በላይ፣ የጠፋው የበሬ ጉልበት ስለ ሆነ፣ ያለ በሬ እንዴት ይታረስ የሚለውን ጥያቄ አነሡ። ዶማና መጥረቢያ አሠርተው አከፋፈሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው ወደ እርሻ ወጡ። መኳንንቱና ወታደሩ መሬት መቆፈርን እንደ ነውር በሚቆጥሩበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ሲቆፍሩ ቆሞ ማየት አልተቻለም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። በዚያው ዘመን ሠራዊቱ እህልና ከብት ፍለጋ ወደ ደቡብ በዘመተ ጊዜ የሸዋ ረኃብ የተቃለለው በከፊል በሌሎች ሕዝቦች ጎተራና በረት ነበር። የመሪን ታላቅነት ስንመዝን ይህም ከሚዛኑ መውጣት የለበትም።

ረኃቡ ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም.፣ ያው ከረኃብ የተረፈ ሕዝብ ዐድዋ ላይ ድል አደረገ። ምኒልክ የስዊሱን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ይዘው ድልድይ፣ የውሃ ቧንቧና የባቡር ሐዲድ ማሠራታቸው ለሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን በ1900 ዓ.ም. ያወጡት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ መሳደብን የከለከለው አዋጅ ነው። በክፉው ቀን ዶማ የቀጠቀጡት እነዚያው የሚናቁ እጆች ነበሩና።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሕይወታቸው እንደሚያስረዳን፣ መከራ ማንንም በራሱ ታላቅ አያደርግም፤ መቅደላ ብዙ እስረኞች ነበሯት፤ ክፉው ቀንም ብዙ መኳንንት አይቷል። ልዩነቱን ያመጣው ዝቅ ማለት በሚገባበት ጊዜ ቀድሞ ዝቅ ማለት ነው። መሣሪያ ሲጎድል፣ ገንዘብ ሲያጥር፣ ሠራተኛውም ተስፋ ሲቆርጥ አንድ የሥራ ኃላፊ የሚጠየቀው ምን አዘዘ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ በእጁ ምን ያዘ ተብሎም ነው።