ሎረንስ ኮልበርግ እና የግብረ ገብ ደረጃዎች

ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕረኛ ሆኖ አውሮፓ ሲደርስ፣ ከናዚ ጭፍጨፋ ተርፈው መጠጊያ ያጡ አይሁዳውያንን አየ። እነርሱን ወደ ፍልስጥኤም በምታሻግር መርከብ ላይም በበጎ ፈቃድ አገለገለ። በዚያን ጊዜ አገሩን ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ ይህን ጉዞ ከልክላ ስለነበር መርከቧ ተያዘች፤ ኮልበርግም በቆጵሮስ ታስሮ በኋላ አመለጠ። ሰውን ለማዳን ሕግ መጣስ ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጥንቶ በ1958 ዶክትሬቱን አገኘ። ለጥናቱም 72 ወንዶች ልጆችን አንድ በአንድ አነጋገረ። ካቀረበላቸው ታሪኮች አንዱ ስለ ሃይንዝ ነበር። የሃይንዝ ሚስት በጠና ታማለች። መድኃኒት ሻጩ ካወጣው ወጪ አሥር እጥፍ ይጠይቃል፤ ባልየው ተበድሮ ያገኘው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ታዲያ መድኃኒቱን ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?

ኮልበርግ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን ያዳምጥ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች በአብዛኛው የሚያስቡት ስለ ቅጣትና ስለ ጥቅም ነበር። ከፍ ያሉት ስለ ሰው አስተያየትና ስለ ሕግ መከበር ያስባሉ። ጥቂቶች ደግሞ ከሕጉ ጀርባ ስላለው ፍትሕና ስለ ሰው ሕይወት ክብር ይጨነቃሉ። እነዚህን ሦስት እርከኖች እያንዳንዳቸውን ለሁለት ከፍሎ ስድስት ደረጃዎች አወጣ።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አብራው የሠራችው ካሮል ጊሊገን ግን ጥናቱ በወንዶች ላይ ብቻ መመሥረቱን ነቀፈች። ለሌላው መራራትና መንከባከብም ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ አሳየች።

ኮልበርግ ሐሳቡን በወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። በ1974 በማሳቹሴትስ፣ በኬምብሪጅ ከተማ መምህርና ተማሪ እኩል አንድ አንድ ድምፅ የሚሰጡበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዳ። አንድ ጊዜ የአንዲት ተማሪ ገንዘብ ሲሰረቅ፣ ጉዳዩ በስብሰባ ከተመከረበት በኋላ ሁሉም አዋጥተው ተኩላት። ስርቆቱ የአንድ ሌባ ጥፋት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ጉዳይ ነው ብለው ስላመኑ ነው።

ኮልበርግ በ1971 ለጥናት በሄደበት በቤሊዝ ያገኘው ሕመም ለዓመታት ሲያሠቃየው ቆይቶ፣ በ1987 በ59 ዓመቱ አረፈ። ለወላጅም ለመምህርም የተወው ትምህርት ቀላል ነው፦ ልጅ አንድን ነገር ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ሲል፣ ከመቆጣትም ከማመስገንም በፊት ምክንያቱን መጠየቅ።