ኤድዋርድ ኮል፦ ሞተርን ከካምቢዮ ጋር ያዛመደ መሐንዲስ

ያረጀ ፒክአፕ ሞተሩ ወጥቶ ሌላ ሲገባለት፣ የሥራው ክብደት ሞተሩን በማንሣትና በማውረድ ሳይሆን ከኋላው ካለው ካምቢዮ ጋር በማስማማት ላይ መሆኑን በጋራዥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እጅግ ከተመረጡት ሞተሮች አንዱ የሸቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። ሥራውን የመራው ኤድዋርድ ኒኮላስ ኮል ግን በሕይወቱ ሳለ ይበልጥ የታወቀው በያዘው ከፍተኛ ሥልጣንና ብዙ ክርክር ባስነሣች በአንዲት መኪና ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮል በሴፕቴምበር 17 ቀን 1909 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ማርን በምትባል ትንሽ መንደር የወተት ላሞች ከሚያረባ ገበሬ ተወለደ። በልጅነቱ ሬዲዮ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ጥቂት ከፍ ሲልም ለአንድ የትራክተር ፋብሪካ በየመስኩ እየዞረ አገለገለ። በ1930 በፍሊንት ከተማ ወደሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ኢንስቲትዩት ገባ። በዚህ ትምህርት ቤት ተማሪው በክፍልና በፋብሪካ እየተፈራረቀ ይማር ስለ ነበር፣ ኮል የካዲላክ ክፍል ተለማማጅ ሆነ። በዚያው ክፍልም ቀረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኤም 3 የተባለው የአሜሪካ ቀላል ታንክ የሚንቀሳቀሰው በአውሮፕላን ሞተር ነበር። አውሮፕላን ሠሪዎቹ ሞተሩን ለራሳቸው ሲሹት ታንኩ ሞተር አልባ ሊቀር ሆነ። የካዲላክ መሐንዲሶች ያቀረቡት መፍትሔ ላይ ላዩን ሲያዩት የዋዛ ይመስላል፤ ይኸውም ሁለት የቤት መኪና ሞተሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ታንኩን በእነርሱ ማንቀሳቀስ ነው። ቁም ነገሩ ግን ሞተሮቹ ብቻቸውን አለመምጣታቸው ነበር። እያንዳንዱ ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አስከትሎ ገባ፤ የሁለቱም ጉልበት በአንድ ማገናኛ ተዋሕዶ ወደ ሰንሰለቱ ተላለፈ። ኤም 5 የተባለው ይህ ታንክ በ1942 መሠራት ጀመረ። ኮልም በእነዚያ ዓመታት በካዲላክ ቀላል ታንኮች ንድፍ ላይ ይሠራ ነበር። ያው ዘዴ በ1944 ለጦርነት በደረሰው በኤም 24 ላይ ቀጠለ፤ ይህ ታንክ በኋላ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ሠራዊትም ስለ ተሰጠ፣ ሞተርና ካምቢዮው ለአገራችን የጦር መካኒኮችም እንግዳ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ኮል የካዲላክ ዋና መሐንዲስ ሆኖ፣ ለ1949 የወጣውን 5.4 ሊትር አዲስ ሞተር ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። በ1952 ወደ ሸቭሮሌት ተዛወረ። ሸቭሮሌት በዚያን ጊዜ መኪናውንም ፒክአፑንም የሚያንቀሳቅሰው በአንድ ዓይነት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ጠንካራ ቢሆንም ዘመኑ ያለፈበት ነው። ኮል ሃሪ ባርን ከካዲላክ አስመጥቶ ሥራውን ጀመረ። ንድፉም በ15 ሳምንት ገደማ ለፋብሪካ መሣሪያ ትእዛዝ ደረሰ። ቫልቭ የሚገፋው ክንድ ከተቀረጸ ብረት ይሠራ የነበረው ቀርቶ፣ ከጶንቲያክ ክፍል በተወሰደ ሐሳብ ከላሜራ ተጨፍልቆ እንዲወጣ ተደረገ። የግራውና የቀኙ ቴስታታ አንድ ሆነ። የሞኖብሎኩ ግድግዳ ሳስቶ በመቀረጹም ስምንት ሲሊንደሩ ከስድስቱ ቀለለ። በ1955 ገበያ የወጣው ይህ 4.3 ሊትር ሞተር 162 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

የጋራዡን ሰው ይበልጥ የሚመለከተው የሞኖብሎኩ ጀርባ ነው። ካምፓናው የሚታሰርበት የብሎን አቀማመጥ በ1955 ተወስኖ፣ ሞተሩ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲያድግና ሲለዋወጥ ሳይለወጥ ቆየ። እንዲያውም የኋለኞቹ ትልልቅ የሸቭሮሌት ሞተሮች ያንኑ አቀማመጥ ያዙ። ስለዚህ የሃያ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሞተርና ካምፓና ያለ መዶሻ ይገናኛሉ። ይህ ከባድ ጥቅም ነው፤ ሆኖም ብዙ መካኒክ የተሳሳተው ብሎኑ ስለ ገባ ሁሉም ገባ ብሎ በማሰቡ ነው።

ቮላኖው ባለ 153 ወይም ባለ 168 ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ለትንሹ የሚሆነው ሞተሪኖ ብሎኖቹ ትይዩ ሲሆኑ የትልቁ በሰያፍ ይታሰራል። በ1986 የኋላው ፓራሊዮ ከሁለት ቁራጭ ወደ አንድ ሲለወጥ፣ ቮላኖ የሚታሰርበት የኮሎ ዙሪያም አብሮ ጠበበ፤ ያለፈው ዘመን ቮላኖ በአዲሱ ላይ አይገባም። በ1970 የመጣው 6.6 ሊትር ሞተር ደግሞ ሚዛኑን የሚጠብቀው በቮላኖው ላይ በተጨመረ ክብደት ስለ ሆነ፣ የሌላ ሞተር ቮላኖ የታሰረለት እንደ ሆነ እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታዎቹን ይጨርሳል። የካምፓናው መሐል ቀዳዳም ለቤት መኪና ካምቢዮ 119፣ ለጭነት መኪናው 130 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አነስተኛው ካምቢዮ በሰፊው ቀዳዳ ከተሰቀለ ዘንጉ መሐሉን ይስታል። የፍሪሲዮን ሸራውም ጥርስ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ካለው ጋር በቁጥርና በስፋት መመሳሰል አለበት።

ፒክአፑ ከ1954 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ችግሩ እስከ ኋላ ጎማ ይደርሳል። በእነዚያ ግማሽ ቶን ፒክአፖች ላይ ጉልበት አስተላላፊው ዘንግ ከካምቢዮው ጀርባ እስከ ዲፈረንሲያሉ በሚደርስ ቱቦ ውስጥ ተዘግቷል። አዲስ ካምቢዮ ለማስገባት የሚሻ ሰው ቱቦውን ትቶ የኋላውን አክስል ጭምር መለወጥ ይገደዳል፤ 4.11 የሆነው የቀድሞው የዲፈረንሲያል ምጣኔም ቢሆን አዲሱን ሞተር በረጅም መንገድ ያለ ጥቅም ያስጮኸዋል። ኤሌክትሪኩም ከ6 ቮልት ወደ 12 መዛወር አለበት። እንዲህ ሆኖም የዚህ ሞተር ቤተሰብ 100 ሚሊዮንኛ ሞተር በ2011 ከፋብሪካ ወጣ።

ኮል በ1956 የሸቭሮሌት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ከዚያ የመጣችው ኮርቬር የተባለችው የ1960 መኪና ናት፤ ሞተሯ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ከኋላ የተቀመጠ ነው። ሐሳቡ ድፍረት ነበረው። ዳሩ ግን ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላ ጎማዎቹ አያያዝ የሚገባውን ያህል አብሮ አልተለወጠም፤ ኃይለኛ መታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችል ነበር። መኪናው እንዳያጋድል የሚረዳው የፊት ዘንግም ለወጪ ቁጠባ ሲባል ቀርቶ፣ የተገጠመው በ1964 ነው። በ1965 ራልፍ ኔደር ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ለሕዝብ አወጣ። በ1972 የመንግሥት ምርመራ መኪናዋ ከዘመኗ እኩዮች የከፋች አልነበረችም ሲል ደመደመ፤ ስሟ ግን ተበላሽቶ፣ ሥራዋም በ1969 ቆሞ ነበር። ውሳኔው የኮል ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ቢሆንም በታንኩ ላይ ሞተርና ካምቢዮ አብረው ሲዛወሩ ያየ ሰው፣ እዚህ ሞተሩ ሲዛወር የቀረውን ወደ ኋላ ለማስቀረት መስማማቱ ያስቆጫል።

በ1967 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ሆነ። የጭስ ብክለት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የጭስ ማጣሪያው ከቤንዚን ጋር ካልተዛመደ ከንቱ መሆኑን ተረዳ፤ ምክንያቱም በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ማጣሪያውን ይገድለዋል። ስለዚህ ከ1971 ሞዴሎች ጀምሮ የሞተሮቹ እመቃ ዝቅ ተደርጎ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ አስቀድሞ ተሰናዳ፤ ማጣሪያውም በ1975 ሞዴሎች ላይ ተገጠመ።

ኮል በ1974 ጡረታ ወጣ፤ ሥራ ግን አልተወም፤ ቼከር ሞተርስ የተባለውን የታክሲ ፋብሪካ ለመምራት ተስማማ። በሜይ 2 ቀን 1977፣ በ67 ዓመቱ፣ ሁለት ሞተር ያላትን የግል አውሮፕላኑን ራሱ እያበረረ ሳለ በሚሺጋን በካላማዙ አቅራቢያ ወድቃ ሞተ።