የአበባን ቀለም የመረመረው ሪቻርድ ቪልሽቴተር

ሪቻርድ ቪልሽቴተር በጀርመን አገር በካርልስሩህ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ በ1872 ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሙኒክ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1905 ዙሪክ ውስጥ ማስተማር ሲጀምር፣ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ያዘ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ግን የዋዛ አልነበረም። ከ200 በላይ የዕፀዋት ዓይነቶችን መርምሮ ክሎሮፊል በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ማግኒዥየምም እንዳለበት አረጋገጠ። እዚያው ሳለ በ1908 ባለቤቱ ሶፊ ሁለት ልጆች ትታበት ሞተች።

በ1912 ወደ በርሊን ተዛውሮ ፊቱን ወደ አበባ አዞረ። በስንዴ ማሳ መካከል የሚበቅለው የአውሮፓ ሰማያዊ አበባና ቀይ ጽጌረዳ ቀለማቸው አንድ ነው ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን ሁለቱም ሲያኒን የሚባል አንድ ቀለም እንዳላቸው አሳየ። ልዩነቱን ያመጣው የአበባው ጭማቂ አሲድነት ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ሰማያዊውን የሚያጸናው ብረትና ማግኒዥየም ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ የአሲዱ ነገር ውሸት አይደለም። የሚጠራጠር ዕጩ መምህር የቀይ ጽጌረዳ አበባ በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ፣ በአንዱ ብርጭቆ ሎሚ፣ በሌላው የአመድ ውሃ ጠብ አድርጎ ይየው።

ታዲያ ተክል ይህን ቀለም ለምን ይሠራል? አንዱ መልስ የተገኘው ቪልሽቴተር ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ተክል እንደ እኛ ጥላ ፈልጎ አይሄድም። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ሕዋስ ውስጥ ሲገባ በዲ.ኤን.ኤ. ሰንሰለት ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይሚኖችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው ሲገለበጥ እዚያ ቦታ ላይ ይሰናከላል ወይም ይሳሳታል። ሲያኒንን የመሳሰሉት አንቶሲያኒኖችና ዘመዶቻቸው ፍላቮኖይዶች በቅጠሉ የላይኛው ሽፋን ተጠራቅመው ጨረሩን ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይውጡታል። ብዙዎቹ ለዓይናችን ቀለም የላቸውም፤ ለጨረሩ ግን ወፍራም መጋረጃ ናቸው። በ1994 አን ስቴፕልተንና ቨርጂኒያ ዋልቦት አሜሪካ ውስጥ ይህ ቀለም ያለውንና የሌለውን በቆሎ በጨረር መትተው ሲያወዳድሩ፣ ቀለም የሌለው ዲ.ኤን.ኤ.ው ይበልጥ ተጎድቶ አገኙት።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1914 ጦርነት ሲፈነዳ የአበባው ምርምር ተቋረጠ፤ እሱም ለወታደሮች የጋዝ መከላከያ ጭምብል ማጣሪያ ሠራ። በ1915 ስለ ዕፀዋት ቀለም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ወንድ ልጁ ሉድቪግ ሞተ።

በ1916 የመምህሩን የባየርን ቦታ ተረክቦ ሙኒክ ገባ። በ1924 ግን ባልደረቦቹ ለመምህርነት የታጩ ሊቃውንትን አይሁድ ናቸው ብለው አንቀበልም ሲሉ፣ ሥራውን ለቀቀ። ተማሪዎቹ ለመኑት፤ እምቢ አለ። ዕድሜው ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ቤተ ሙከራ ያለች ረዳቱን በስልክ እየመራ ምርምሩን ቀጠለ። ለአንድ ኬሚስት ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ቤተ ሙከራ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።

በኅዳር 1938 የናዚ ፖሊሶች ሊይዙት ቤቱን ሲበረብሩ እሱ አትክልቱ ቦታ ነበርና አላገኙትም። በ1939 የቀድሞ ተማሪው አርቱር ሽቶል ረድቶት ስዊትዘርላንድ ገባ። ሀብቱን አብዛኛውን ትቶ ነው የወጣው። ሎካርኖ አጠገብ ሙራልቶ በምትባል ቦታ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1942 ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1949 ነው።